ለመጣል የታተመውን ማኖር፦ የብሪታንያን አሮጌ ኮሚኮችና አኑዋሎች ስለ መሰብሰብ

መግቢያ

በሥነ ጽሑፍ ጥናት ሰፊውን ቦታ የያዙት ልቦለድ፣ ግጥምና ተውኔት መሆናቸው የታወቀ ነው። በርካሽ ወረቀት እየታተሙ በየሳምንቱ ለልጆች የሚሸጡ፣ ከተነበቡም በኋላ የሚጣሉ የሥዕል ታሪኮች ግን ወደ ጥናቱ ደጃፍ የሚደርሱት አልፎ አልፎ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በብሪታንያ ከ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ሲታተሙ ስለኖሩት ኮሚኮችና «አኑዋል» ስለሚባሉት ዓመታዊ መጻሕፍት መጠነኛ ግንዛቤ መስጠት፣ እነዚህን አሮጌ ኅትመቶች መሰብሰብም ለአንድ የሥነ ጽሑፍ ሰው ምን ዓይነት ደስታና ምን ዓይነት ትምህርት እንደሚያስገኝ ማስረዳት ነው።

ጽሑፉን በአንደኛ መደብ ያቀረብሁት እኔ ራሴ ሰብሳቢ ስለሆንሁ ነው። ስብስቤ ትልቅ አይደለም፤ ሁለት መደርደሪያ ቢሞላ ነው። አጀማመሬም በዕቅድ አልነበረም። እንግሊዝ አገር በነበርሁበት ጊዜ ከአንድ የበጎ አድራጎት ሱቅ ጀርባው የተላጠ የልጆች መጽሐፍ ገዛሁ። መጽሐፉ «ዘ ቢኖ ቡክ» ይባላል። በሽፋኑ ላይ ዓመተ ምሕረት የለም፤ በውስጡም የለም። የሥዕሎቹ ባለቤት እነማን እንደሆኑም አልተጻፈም። ስለ አንድ ድርሰት ተማሪዎቻችንን መጀመሪያ የምንጠይቃቸው «ማን ጻፈው? መቼስ ጻፈው?» እያልን ነው፤ ይህ መጽሐፍ ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አልነበረውም። መልሱን ለማግኘት ሌላ መጽሐፍ ገዛሁ፤ ያንን ለመረዳት ደግሞ ሦስተኛ አስፈለገ። ስብስቡ የተጀመረው እንዲህ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ለአንባቢ አሳስባለሁ።

1. ኮሚክና አኑዋል ምንድን ናቸው?

«ኮሚክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻ ትርጉሙ «አስቂኝ» ማለት ነው። በብሪታንያ ቃሉ የሚያመለክተው በአብዛኛው በየሳምንቱ የሚወጣ፣ በአንድ እትም ውስጥ ብዙ አጫጭር የሥዕል ታሪኮችን የያዘ የልጆች መጽሔት ነው። በዚህ ረገድ አንድ እትም አብዛኛውን ጊዜ ስለ አንድ ጀግና ብቻ ከሚተርክበት ከአሜሪካው ወርኃዊ ኮሚክ ይለያል። የብሪታንያው ኮሚክ ጉባኤ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ይሰጠዋል፤ ተራውን ጨርሶ እስከሚቀጥለው ሳምንት ይሰናበታል።

የዘርፉ አጀማመር ለልጆች አልነበረም። በ1867 «ጁዲ» በተባለ መጽሔት ቻርልስ ሮስ የፈጠረው፣ ማሪ ዱቫል የተባለች ሴት ሠዓሊም በብዛት የሣለችው አሊ ስሎፐር የተባለ ሥራ ጠል ሰካራም ነበር። በ1884 በስሙ ራሱን የቻለ ሳምንታዊ መጽሔት ተመሠረተለት፤ አንባቢዎቹም አዋቂዎች ነበሩ። በ1890 አልፍሬድ ሃርምስወርዝ «ኮሚክ ከትስ» የተባለውን መጽሔት በግማሽ ፔኒ ማለትም ተፎካካሪዎቹ ከሚሸጡበት በግማሽ ዋጋ አወጣ። ዋጋው በመርከሱ ኮሚክ እያደር ወደ ልጆች እጅ ገባ። በ1914 የወጣው «ሬይንቦ» ደግሞ በቀጥታ ለሕፃናት የተዘጋጀ ነበር። ከዚያ በኋላ በስኮትላንድ በደንዲ ከተማ የሚገኘው የዲ.ሲ. ቶምሰን አሳታሚ ድርጅት በታኅሣሥ 1937 «ዘ ዳንዲ»ን፣ በሐምሌ 1938 «ዘ ቢኖ»ን አሳተመ። ዳንዲ በወረቀት መታተሙን ያቆመው ልክ በሰባ አምስተኛ ዓመቱ በታኅሣሥ 2012 ነው። ቢኖ ግን በ2019 አራት ሺሕኛ እትሙን አልፎ እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

አኑዋል ከሳምንታዊው መጽሔት የሚወለድ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ዓመታዊ መጽሐፍ ነው። በመጸው ወራት ታትሞ ለገና በዓል ስጦታ ይሸጣል። ልጁ ሳምንታዊውን በኪስ ገንዘቡ ይገዛል፤ አኑዋሉን የሚገዛለት ግን አክስት ወይም አያት ነው። ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ ቢታይም የሁለቱን ዕጣ ወስኗል። ሳምንታዊው ተነቦ ተጣለ፤ አኑዋሉ የስጦታ መጽሐፍ በመሆኑ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ስለዚህም ነው አሮጌ አኑዋል በጥቂት ፓውንድ በየሱቁ ሲገኝ ተመሳሳይ ዕድሜ ያለው ሳምንታዊ ኮሚክ ብርቅ የሚሆነው።

2. ዘመንን ከገጹ ማንበብ

ከላይ የጠቀስሁት የመጀመሪያው መጽሐፌ ዓመት አልነበረውም ብያለሁ። በኋላ እንደተረዳሁት ይህ የኅትመት ስሕተት አልነበረም። የዳንዲና የቢኖ አኑዋሎች በሽፋናቸው ላይ ዓመት ማተም የጀመሩት ከ1966ቱ እትም ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ሰብሳቢው ራሱ ከውስጥ ማስረጃ መወሰን አለበት። እኔም ይህን ለማድረግ የተጠቀምሁበት ዘዴ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትን ዘመን ለመወሰን ከምንጠቀምበት በመሠረቱ አይለይም፤ የሚታወቅ ነገር ፈልጎ የማይታወቀውን በእርሱ መገደብ ነው።

በቢኖ ውስጥ ዴኒስ ዘ ሜነስ የተባለው አስቸጋሪ ልጅ የመጣው በመጋቢት 1951 ነው። ሚኒ ዘ ሚንክስ በ1953 ተከተለችው። በኋላ «የባሽ ስትሪት ልጆች» የተባሉት የአንድ ክፍል ተማሪዎች በ1954 ገቡ። በመጽሐፌ ውስጥ ሦስቱም ስላሉ ከ1954 በፊት ሊሆን አይችልም፤ ዓመት ስላልታተመበትም ከ1966ቱ እትም ይቀድማል። በዚህ መንገድ ሰፊው ጥያቄ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ተገደበ። የቀረውን ደግሞ ሌሎች ቅጂዎችን በማነጻጸር ማጥበብ ይቻላል።

የሳምንታዊው ሽፋንም የራሱ የዘመን ምልክት አለው። በቢኖ ሽፋን ላይ ከ1938 ጀምሮ የነበረው ቢግ ኤጎ የተባለ ሰጎን ነው፤ በ1948 ቢፎ የተባለው ድብ ተካው፤ በ1974 ደግሞ ዴኒስ ቦታውን ወሰደ። ዋጋውም ይናገራል። እስከ የካቲት 1971 ድረስ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 100 ሆነ። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ የታተመው ዋጋ በአሮጌው ወይም በአዲሱ ፔኒ መሆኑን ማየት ብቻ አንድን እትም ከመስመሩ ወዲያ ወይም ወዲህ ለማስቀመጥ ይበቃል።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በወረቀቱ ላይ ታትሟል። ወረቀት በራሽን ስለተደለደለ ዳንዲና ቢኖ ከ1941 እስከ 1949 ድረስ በየሳምንቱ መውጣታቸው ቀርቶ በየተራ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይወጡ ነበር። «ማጂክ» የተባለው ታናሽ ወንድማቸው በ1939 ተወልዶ በ1941 በወረቀት እጥረት ሞተ። የሚገርመው ግን ስሙ አለመሞቱ ነው፤ የቢኖ አኑዋል ከ1943ቱ እስከ 1950ው እትም «ዘ ማጂክ ቢኖ ቡክ» ተብሎ ይጠራ ነበር። ይህን የማያውቅ ገዥ ሁለቱን የተለያዩ መጻሕፍት አድርጎ ቢቆጥራቸው አይፈረድበትም።

3. ስም የሌላቸው እጆች

«ማን ሠራው?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ከዘመኑ ጥያቄ ይከብዳል። ዲ.ሲ. ቶምሰን ለረጅም ዘመን ሠዓሊዎቹ ሥራቸውን እንዲፈርሙ አይፈቅድም ነበር። ልዩ ፈቃድ ካገኙት መካከል ዴስፐሬት ዳንንና ሎርድ ስኑቲን የሣለው ደድሊ ዋትኪንስ ይገኛል፤ እርሱም መፈረም የጀመረው በ1946 ነው። ዋትኪንስ በነሐሴ 1969 ሕይወቱ ያለፈው በመሣያ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው።

ስም በሌለበት የሠዓሊው እጅ ስሙን ይተካል። ሰብሳቢ ከጊዜ በኋላ የእያንዳንዱን ሠዓሊ አጣጣል ይለያል። የዴቪድ ሎው ዴኒስ በፈጣን፣ እንደ ሽቦ በሚወናጨፍ መስመር የተሣለ ነው። የሊዮ ባክሰንዴል ገጾች ግን በሰው ይጨናነቃሉ፤ ዋናው ድርጊት በመካከል ሲፈጸም በየጥጉ ሌላ ትንሽ ጠብ፣ ሌላ ትንሽ ሳቅ አለ። ዓይን አንድ ጊዜ አይቶ አይጠግብም። አንድን ያልተፈረመ ገጽ አንሥቶ «ይህ የእገሌ እጅ ነው» ለማለት መቻል በመሰብሰብ ከሚገኙት ደስታዎች ሁሉ ለእኔ ትልቁ ነው። ለተማሪዎች የስልት ትንተና ሳስተምር የኖርሁትን ከመጽሐፉ ይልቅ በዚህ የተሻለ የተማርሁት ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ የስም አለመኖር ለሰብሳቢው ጨዋታ ቢሆንም ለሠዓሊው ኑሮ ነበር። ሚኒንና የባሽ ስትሪት ልጆችን የፈጠረው ባክሰንዴል በ1962 ድርጅቱን ለቀቀ። በኋላም በፈጠራቸው ገጸ ባሕርያት መብት ላይ ለሰባት ዓመት ያህል በሕግ ተሟግቶ ጉዳዩ በ1987 በስምምነት ተዘጋ። የፍራንክ ሃምሰን ታሪክም ተመሳሳይ ነው። ማርከስ ሞሪስ የተባሉ ቄስ በሚያዝያ 1950 ባቋቋሙት «ኢግል» ላይ የጠፈር አብራሪውን ዳን ዴርን የፈጠረው ሃምሰን ነው። የመጀመሪያው እትም ወደ 900,000 ቅጂ ተሸጧል። ሃምሰን ሰዎችን በተለያየ አቋም አስቁሞ ፎቶግራፍ እያነሣ፣ የመንኮራኩር ሞዴል እያሠራ ከረዳቶቹ ጋር ይሥል ነበር። ነገር ግን የዳን ዴር ባለቤት አልነበረም። በ1959 ከዳን ዴር ጋር ተለያየ። በ1975 ኢጣሊያ ውስጥ በሉካ በተደረገ ጉባኤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ከተነሡት የሥዕል ታሪክ ደራሲዎችና ሠዓሊዎች ሁሉ የላቀ ተብሎ ተሸልሟል፤ ሽልማቱ የመጣለት ግን ብዙ ሰው ከረሳው በኋላ ነበር። በ1985 አረፈ።

ስለ ደራሲ ማንነት ከተነሣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ክርክር አለ። ጆርጅ ኦርዌል በ1940 ስለ ወንዶች ልጆች ሳምንታዊ መጽሔቶች አንድ ሰፊ ሂስ ጻፈ። በዚያ ሂስ ከ1908 ጀምሮ ሲወጣ የኖረው «ማግኔት» ታሪኮች ለሠላሳ ዓመት በአንድ ሰው ሊጻፉ እንደማይችሉ፣ አጻጻፋቸውም በቀላሉ እንዲቀዳ ታስቦ የተበጀ መሆኑን ገመተ። በዚያው ዓመት ፍራንክ ሪቻርድስ በተባለ የብዕር ስም የሚታወቀው ቻርልስ ሃሚልተን ባለቤቱ እርሱ መሆኑን ገልጾ በዚያው መጽሔት መልስ ሰጠ። አልፎ አልፎ ሌሎች በስሙ ቢጽፉም የታሪኮቹ አብዛኛው ክፍል በእርግጥ የእርሱ ነበር። ኦርዌል ስለ ታሪኮቹ አስተሳሰብ ያነሣቸው ነጥቦች እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ፤ ስለ ደራሲው የገመተው ግን ስሕተት ነበር። ከዚህ የምንማረው ስልቱ ተደጋጋሚ ስለሆነ ብቻ ጸሐፊ የለውም ማለት እንደማይቻል ነው።

4. ሩፐርት፦ በአንድ ገጽ ላይ አራት ዓይነት ንባብ

ከአኑዋሎች ሁሉ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ አብነት የሚሆነው የሩፐርት ይመስለኛል። ሩፐርት የተባለው ነጭ ድብ በኅዳር 1920 በ«ዴይሊ ኤክስፕረስ» ጋዜጣ ላይ በሜሪ ቱርቴል ብዕር ተወለደ። በ1935 አልፍሬድ ቤስታል ተረከበው፤ ዓመታዊው መጽሐፍም ከ1936 ጀምሮ ሳይቋረጥ ታትሟል።

የቤስታል ዘመን የተለመደ ገጽ አሠራር እንዲህ ነው። ከላይ ድርጊቱን በአጭሩ የሚያመለክት አርእስት አለ። ከእርሱ ሥር አራት ሥዕሎች ይገኛሉ። በየሥዕሉ ግርጌ ቤት የሚመቱ ሁለት ስንኞች አሉ። ከሁሉም በታች ደግሞ ያው ታሪክ በስድ ንባብ ተዘርዝሮ ይቀርባል። ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን በሥዕሉ ብቻ ታሪኩን ይከተላል፤ ጀማሪው አርእስቱን ይፈታል፤ ከፍ ያለው ስንኞቹን ያነባል፤ የበሰለው ስድ ንባቡን ይዘልቃል። የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ወንድማማቾች አንድን መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ከፍተው እያንዳንዳቸው በአቅማቸው ሊያነቡት ይችላሉ ማለት ነው።

እኔ ከዚህ ያገኘሁት ጥቅም ሌላ ነው። አንድ ድርጊት በሥዕል፣ በግጥምና በስድ ንባብ ጎን ለጎን ሲቀመጥ እያንዳንዱ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚተው በግልጽ ይታያል። ስንኙ ለቤት መምቻ ሲል ምክንያቱን ይዘላል፤ ስድ ንባቡ ምክንያቱን ይነግራል፤ የሰማዩን ቀለም ግን ለሥዕሉ ይተወዋል። ስለ ዘውጎች ልዩነት በክፍል ውስጥ ለማስረዳት ከዚህ የቀለለ ምሳሌ አላጋጠመኝም።

ከ1946 ጀምሮ ደግሞ አንዳንድ ገጾች «አስማታዊ ቀለም» የሚባሉ ሆኑ። ልጁ ብሩሹን በውኃ ብቻ ነክሮ ሲያስነካው ከወረቀቱ ላይ ቀለም ይወጣል። ውኃ ያልነካው ቅጂ ዛሬ በከፍተኛ ዋጋ ይፈለጋል። ነገሩ ሲታሰብ ያስገርማል፤ በገበያው ዓይን ምርጡ ቅጂ ሕፃኑ ያልተጫወተበት ነው። የእኔ ቅጂ ግን ተቀብቷል። የቀባው ልጅ ከመስመር ወጥቷል፤ ውኃም አብዝቷል። ባልተቀባ ልለውጠው አልፈልግም።

ከሩፐርት ጋር የተያያዘ አንድ የሚታወቅ ብርቅ ነገርም አለ። ሩፐርት በውስጥ ገጾች ነጭ ቢሆንም በሽፋኑ ላይ ፊቱ ቡናማ ሆኖ ይሣል ነበር። ለ1973ቱ አኑዋል ቤስታል እንደ ልማዱ ቡናማ አድርጎ የሣለውን ሽፋን አሳታሚዎቹ ሳያማክሩት ወደ ነጭ ለወጡት። ቤስታልም ቅር ተሰኝቶ ከዚያ ወዲያ ሽፋን አልሣለም። በቡናማ ፊት የታተሙት ጥቂት ቅጂዎች ብቻ በመሆናቸው በሰብሳቢዎች ዘንድ በእጅጉ ይፈለጋሉ።

5. ብርቅነት ከየት ይመጣል?

አንድ ወረቀት ብርቅ የሚሆነው ጥቂት ስለታተመ ብቻ አይደለም። የዳንዲና የቢኖ የመጀመሪያ እትሞች የታተሙት በብዛት ነው። የጠፉት ልጆች ስላነበቧቸው፣ ስለተዋዋሷቸው፣ በጦርነቱም ጊዜ አሮጌ ወረቀት ለአገር መከላከያ ይሰብሰብ ሲባል ቤት ለቤት ስለተሰበሰቡ ነው። አገር ወዳድ ልጅ ኮሚኩን ሰጠ፤ ዛሬ ብርቅ ያደረገው ያ ልግስና ነው።

ከመጽሔቱ ጋር የሚሰጡ የነጻ ስጦታዎች ዕድላቸው ከዚህም የባሰ ነበር። ከመጀመሪያው ዳንዲ ጋር ፊሽካ፣ ከመጀመሪያው ቢኖ ጋር ጭምብል ተሰጥቷል። ፊሽካ ይነፋል፣ ይጠፋል፤ የወረቀት ጭምብልም በማግሥቱ ይቀደዳል። ስለሆነም በ2004 ፊሽካው ያልተለየው አንድ የመጀመሪያ ዳንዲ በጨረታ ከ20,000 ፓውንድ በላይ ተሸጠ፤ ሲወጣ ዋጋው ሁለት ፔኒ ነበር።

አልፎ አልፎ ብርቅነት የሚመጣው ከሳንሱር ነው። በየካቲት 1976 የተጀመረው «አክሽን» ዓመፅ ያበዛል ተብሎ በጋዜጦች ከተወገዘ በኋላ በጥቅምት ወር እንዲቆም ተደረገ። ለጥቅምት 23 ቀን 1976 የተዘጋጀው እትም ታትሞ ሳይሸጥ እንዲፈጭ ስለተወሰነ ከጥፋት የተረፉት ቅጂዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መጽሔቱ በታኅሣሥ ለዝቦ ተመለሰ፤ በቀጣዩ ዓመትም በሌላ ተዋጠ።

«ተዋጠ» ያልሁትን ላብራራ። የብሪታንያ አሳታሚዎች የአንድ ኮሚክ ሽያጭ ሲቀንስ ዘግተውት አይተውትም፤ ከሌላ ጋር ያዋሕዱታል። በመጨረሻው እትም ሽፋን ላይ «ታላቅ የምሥራች በውስጥ» የሚል ዓይነት ማስታወቂያ ይወጣል፤ የምሥራቹም መጽሔቱ መሞቱ ነው። ኢግል በ1969 በ«ላየን» ተዋጠ፤ ላየን በ1974 በ«ቫሊያንት»፤ ቫሊያንት በ1976 በ«ባትል»። በ1982 ኢግል በአዲስ መልክ እንደገና ተመሠረተ፤ ባትልም በ1988 በዚሁ በአዲሱ ኢግል ተዋጠ። የልጅ ልጁ ተመልሶ የአያቱን ስም በያዘ ቤት ገባ ማለት ነው። ይህን የዘር ሐረግ ቀጥሎ ማወቅ ሰብሳቢው የሚፈልገው ታሪክ በየትኛው መጽሔት እንደቀጠለ ያሳውቀዋል። በዚህ ረገድ የዴኒስ ጊፎርድ የ1975 ካታሎግ ከ1874 እስከ 1974 ያለውን መቶ ዓመት ያካተተ በመሆኑ ፈር ቀዳጅ ሥራ ነው።

6. የሚያሳፍረው ገጽ

እስከ አሁን ስለ ደስታው ተናግሬአለሁ። አሁን ደስ ስለማይለው ገጽ መናገር ይኖርብኛል።

ለአንድ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከጦርነቱ ዘመን ቢኖ ላይ ዓይኑ የሚያርፍበት አንድ ታሪክ አለ፤ ስለ ሙሶሊኒ ነው። በ1935 አገራችንን የወረረው ሰው በደንዲ ከተማ ኮሚክ ውስጥ ሆዱ ተነፍቶ፣ ባሰበው ሁሉ እየተዋረደ፣ የልጆች መሣቂያ ሆኖ ቀርቧል። በዳንዲም ሂትለርና ጎሪንግ ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷቸዋል። መጀመሪያ ሳየው ከልቤ መሣቄን አልደብቅም። ነገር ግን «ሙሶ ዘ ዎፕ» የተባለው የዚያ ታሪክ ስም ራሱ ኢጣሊያውያንን ሁሉ የሚያንቋሽሽ ስድብ ነው። የሣቅሁት በወራሪው ነው፤ ቃሉ የሚሰድበው ግን ሕዝቡን ነው።

ከዚያም ወደ ላይ ቀና ብዬ የሽፋኑን አናት ተመለከትሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከቢኖ ስም አጠገብ ሐብሐብ የሚበላ፣ ከንፈሩና ዓይኑ የተጋነነ አንድ ጥቁር ልጅ ይታያል። ታሪክ የለውም፤ ሥራው ማጌጫ መሆን ብቻ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ተወገደ። እንግዲህ የሀገሬን ጠላት የሚያዋርደው መጽሔት እኔን የሚመስለውንም ልጅ አብሮ ያዋርዳል። ኦርዌል በዚያው ሂሱ በእነዚህ መጽሔቶች የውጭ አገር ሰው ሁሉ አንድ የተወሰነ የማላገጫ መልክ እንደሚሰጠው አስተውሎ ነበር፤ ስለ ደራሲው የተሳሳተው ሰው በዚህ አልተሳሳተም።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ነገር ለምን እሰበስባለሁ? ይህ ጥያቄ ከሌሎች ከመምጣቱ በፊት ከራሴ መጥቷል። መልሴ የሚከተለው ነው። በኋላ ዘመን የሚወጡ ስብስብ እትሞች እንዲህ ያለውን ገጽ ሊተዉት ይችላሉ፤ ለዛሬ ልጅ የሚሸጥ መጽሐፍ ከሆነ ባይተዉት ነው የሚያስገርመው። ነገር ግን ገጹ ከሁሉም ቦታ ከጠፋ አንድ ትውልድ በሁለት ፔኒ ምን እየገዛ እንዳደገ የሚመሰክር አይኖርም። በዳግም እትም የሚቀርበው የተመረጠው ትዝታ ነው፤ የመጀመሪያው ቅጂ ግን ሳይመረጥ የተረፈ ማስረጃ ነው። ስለዚህ እነዚያን እትሞች አስቀምጫለሁ፤ ለልጆች አላሳይም፤ ለተማሪዎች ግን አሳያለሁ።

7. ስለ አያያዝና ስለ አንድ ስሕተቴ

የኮሚክ ወረቀት ከእንጨት ተፈጭቶ የሚሠራ ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ነው። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር ብርሃንና አየር ሲያገኝ ይቀይማል፤ አሲዱም ወረቀቱን ያደርቀዋል። ስለዚህ ከፀሐይ፣ ከሙቀትና ከእርጥበት መጠበቅ፣ አሲድ በሌለው ካርቶን ላይ አጋድሞ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የተቀደደን ገጽ በፕላስተር መለጠፍ ፈጽሞ አይገባም፤ ማጣበቂያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል።

ፕላስተሩን ከሌሎች ስሕተት ተማርሁ። የራሴ ስሕተት ሌላ ነበር። ከገዛኋቸው የመጀመሪያ የ1950ዎቹ ሳምንታዊ እትሞች በአንዱ ሽፋን ጥግ ላይ በእርሳስ የተጻፈ የአንድ ቤተሰብ ስምና ቁጥር ነበር። ሽፋኑን ያቆሸሸው መሰለኝና ለስለስ ባለ ላጲስ አጠፋሁት። ሥራዬን ጨርሼ ንጹሕ ሽፋን በማግኘቴ ተደሰትሁ። ቆይቼ ግን ምን እንደሆነ ተረዳሁ። በብሪታንያ ጋዜጣ ሻጩ በየሳምንቱ ለየቤቱ የሚያድለውን ኮሚክ እንዳይሳሳት የደንበኛውን ስም ወይም የቤቱን ቁጥር በእርሳስ ጥጉ ላይ ይጽፍ ነበር። ያጠፋሁት እድፍ አልነበረም። ይህ ቅጂ በአንድ ማለዳ፣ ከአንድ ሱቅ ወጥቶ፣ ወደ አንድ የታወቀ ቤት መሄዱን የሚናገር ብቸኛ ማስረጃ ነበር። ስለ ደራሲና ስለ ሠዓሊ ብዙ ምንጭ ልናገኝ እንችላለን፤ ስለ አንባቢ ግን፣ ያውም ስለ ልጅ አንባቢ፣ የሚተርፍልን ይህን የመሰለ የእርሳስ ጭረት ብቻ ነው። ስሙን ለማስታወስ ደጋግሜ ሞክሬአለሁ፤ አልመጣልኝም።

ከዚያ ወዲህ ምንም አላጠፋም። «ይህ መጽሐፍ የ... ነው» በሚለው የአኑዋል የመጀመሪያ ገጽ ላይ በልጅ እጅ የተሞላ ስም፣ በከፊል የተፈታ እንቆቅልሽ፣ ዋጋው እንዳይታይ አክስት የቆረጠችው የሽፋን ጥግ፣ ሁሉም እንዳለ ይቀመጣል። ነጋዴው ጉድለት ይላቸዋል፤ እኔ የንባብ ታሪክ እላቸዋለሁ።

መደምደሚያ

ለማጠቃለል ያህል፣ የብሪታንያን አሮጌ ኮሚኮችና አኑዋሎች መሰብሰብ ሦስት ነገሮችን ያስተምራል። አንደኛ፣ ዓመትና ስም የሌለውን ጽሑፍ ከውስጥ ማስረጃው ዘመኑንና ባለቤቱን መፈለግን ያለማምዳል። ሁለተኛ፣ ሥዕል፣ ግጥምና ስድ ንባብ ጎን ለጎን ሆነው ምን እንደሚሠሩ በዓይን ያሳያል። ሦስተኛ፣ አንድ ኅብረተሰብ ልጆቹን ሲያስቅ ማንን መሣቂያ እንዳደረገ ሳይሸፋፍን ይመሰክራል።

ደስታው ከእነዚህ ሁሉ የሚለይ አይደለም፤ ከእነዚሁ የሚገኝ ነው። ወጣት ተመራማሪዎቻችን በየቤቱ፣ በየሳጥኑና በየአሮጌ መጻሕፍት ሻጩ ዘንድ የወደቁትን የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት፣ የትምህርት ቤት መጽሔቶችና የተበጣጠሱ ጋዜጦች በዚህ ዓይን ቢመለከቷቸው ድካማቸው ከንቱ አይሆንም። በሽፋኑ ጥግ በእርሳስ የተጻፈ ስም ቢያገኙ ግን ላጲሳቸውን ከማንሣታቸው በፊት በማስታወሻቸው ይገልብጡት፤ ከዚያም ላጲሱን መልሰው ያስቀምጡት።